ሰኞ ያረሰችው መኪና

በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ቶሎ ወጣ። ጤፉ ሳያሽት ደረቀ። የባቄላው አበባ ረገፈ። በጥቅምት ከብት የሚገዛ ሰው ጠፋ፤ በኅዳር የሚሸጠው ከብት ራሱ ጠፋ። እኛ ሁለት በሬ ነበረን። ዳለቻው ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲፈልግ ወድቆ ሞተ፣ ቦራ ቀረ። ከወንዝ ማዶ ባለው የሙስሊሞች መንደር ሰው መሞት የጀመረው በጥር ነው። በእኛ መንደር በየካቲት። ዓመቱ 1966 ነበር። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። አንድ በሬ ያለው ሰው እንደ እሱው አንድ በሬ ያለው ሰው ይፈልግና ያቀናጃል፤ ዛሬ ለአንዱ ይታረሳል፣ ነገ ለሌላው። መቀናጆ እንለዋለን። አባቴ አራጌ ከጎረቤታችን ከፈንታሁን ጋር ተቀናጀ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ መቀናጆ ያለው ይመስለኝ ነበር። እናቴ የአባቴ፣ ወንዙ የገደሉ፣ ቦራ የፈንታሁን በሬ።

መኪናዋ የመጣችው ያኔ ነው።

ከመካነ ሰላም የእርዳታ እህል ታመጣለች። የሚነዳት ረመዳን የሚባል ወጣት ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሁልጊዜ እጁ ላይ ዘይት ያለበት። መኪናዋ ላንድሮቨር ናት፤ አጭሯ። አረንጓዴ ነበረች። ዓይኖቿ አፍንጫዋ አጠገብ ተጠጋግተዋል። ግንባሯ ላይ ትርፍ ጎማ ተሸክማለች። ብርድ ያደረባት ቀን ረመዳን ማኑቬላ የሚባል ጠማማ ብረት በፊቷ አስገብቶ ያዞራል፤ ታጉረመርማለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትነሣለች። እኔ አፍንጫዋን የሚጠመዝዝባት መስሎኝ አዝንላት ነበር።

አንድ ቀን ጎኗን በጣቴ መታሁት። እንደ ድስት ጮኸ።

«ብረት አይደለም» አለኝ ረመዳን። «አውሮፕላን የሚሠራበት ነው።»

አባቴ ጆንያ እያወረደ ሰማው። «አውሮፕላን ከሆነች ታዲያ ምን ቸግሯት ነው በወንዝ የምትመጣው?»

«ቆይ ጋሼ፣ ላስረዳዎት። እንግሊዞች ከትልቁ ጦርነት ሲወጡ ብረት አጥሯቸው ነበር። የአውሮፕላን አሉሚኒየም ግን ተርፏቸዋል። በዚያ ሠሯት። ቀለሙም ከጦሩ የተረፈ ነው። ያሰቧት ለገበሬ ነው። እንድታርስ፣ እንድትጭን፣ ከኋላዋ ቀበቶ ሲያስሩላት ወፍጮ እንድታዞር።»

«ለገበሬ ነው ያልከው?»

«ለገበሬ።»

«እና እስከ ዛሬ የት ነበረች?»

«መንገድ ላይ ነበረች ጋሼ። የእናንተን መንገድ አይተውታል?»

አባቴ ሲስቅ ያየሁት በዚያ ዓመት ያን ቀን ብቻ ነው።

የረመዳን ወሬ እውነት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ የመኪና ሠሪ ሲተርክልኝ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1940 ለሕዝብ እንደታየች ነገረኝ። ከዚያ በፊት ለሙከራ የሠሯት መሪዋ እንደ ትራክተር መሀል ላይ ነበር አለኝ። ለገበሬ መታሰቧም እውነት ነው። ያኔ ግን እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህች ነገር ታርሳለች። የምታርስ ከሆነች በሬ ናት። በሬ ከሆነች መቀናጆ ያስፈልጋታል።

በመጋቢት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በላይኛው አገር ዘነበ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር። ረመዳን የሁለቱን መንደር እህል ጭኖ ወንዙን ሲሻገር፣ የኋላ ጎማው በሁለት ድንጋዮች መካከል ገብቶ ተያዘ። ውኃው ጉልበት ድረስ ነበር። ቀለሙ እየተለወጠ ነበር። መንደሩ ሁሉ ወረደ።

አባቴ ቦራን ይዞ መጣ። ፈንታሁን በሬውን ይዞ ዳር ቆመ።

«አራጌ፣ ይሄ በሬ ከሞተ ልጆቼ ሞቱ» አለ።

«እህሉ ከሄደም ሞቱ» አለ አባቴ።

ፈንታሁን በሬውን አቀረበ። ቀንበሩን ጫኑባቸው፤ ገመዱን ከመኪናዋ የፊት ብረት ጋር አሠሩት። ረመዳን ቀይ ጫፍ ያለውን እጀታ ሳበ። በጉልበት የምትሄድበት ማርሽ እሱ ነው።

«በል፣ አሁን እሷም በሬ ናት» አለ አባቴ። «እኩል ሳቡ።»

እኩል ሳቡ። መኪናዋ ጮኸች፣ በሬዎቹ አንገታቸውን አስረዘሙ፣ ጎማው ከድንጋዩ ወጣ። እህሉ ዳር ደረሰ። ሰዎች ጆንያ ለማውረድ ሲሮጡ እኔ ቦራን አየሁ። የፊት እግሩ ድንጋይ መሀል ገብቶ ተሰብሯል። የፈንታሁን በሬ ሲወጣ እሱ አልወጣም።

እናቴ እታገኘሁ እጄን ይዛ ሽቅብ ወሰደችኝ። ከአፋፉ ላይ ዘወር ብዬ አየሁ። አባቴ የራሱን ቢላዋ ለረመዳን ሰጠው። ከዚያ ጀርባውን አዞረ። ረመዳን ከሁለት ሰዎች ጋር የቦራን ራስ ወደ ሰሜን አዞረ። «ቢስሚላሂ» ሲል ሰማሁ። ቆይቶ ሥጋው በቅጠል ተጠቅልሎ መኪናዋ ላይ ተጫነ። መኪናዋ ማዶውን ይዛ ሄደች። ለእኛ አንድ ጉማጅ እንኳ አልቀረም።

«ቦራን ወሰደው?» አልኳት እናቴን።

«ወሰደው።»

«ሌባ ነው?»

አፌን በመዳፏ ያዘችው። «ይህን ለአባትህ እንዳትደግመው» አለች። እኔ የገባኝ አባቴ መሰረቁን ሲሰማ እንደሚያፍር ነው።

እህቴ ዝናሽ ያን ቀን ወንዙ ዳር ቀርታ ነበር፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። የተባባሉትን የነገረችኝ ካገባች፣ ከወለደች በኋላ ነው። ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነበር። በመንደራችን ሁዳዴ የሚሽር ሰው አልነበረም፤ በዚያ ዓመትም አልነበረም። ፈንታሁን «ቋንጣ እናድርገው፣ ለፋሲካ ይደርሳል» ብሎ ነበር። አባቴ ማዶውን አይቶ «እነዘይነባ ለፋሲካ አይደርሱም» አለው። ዘይነባ ማዶ ያለች፣ ልጆቿ እያለቁባት ያለች ሴት ናት። እኛ ከባረክነው እነሱ አይበሉትም። ስለዚህ አባቴ ቢላዋውን ለረመዳን ሰጠ። «ስምህ ረመዳን፣ ጿሚዎቹ እኛ» ብሎ ቀለደበት አለች ዝናሽ። ከዚያ ነው ጀርባውን ያዞረው። ቦራን ጥጃ ሆኖ ያሳደገው እሱ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ረመዳን ቆዳውን መለሰ። ማዶ ያሉት ጨው ነስንሰው አድርቀውት ነበር። አባቴ ተቀብሎ ጠፍር አወጣው፤ ሰፊ ሰፊ አድርጎ በጥንቃቄ። እኔ ከበሩ ሥር ሆኜ በልቤ ሒሳብ ያዝኩ። አንድ በሬ ወሰደ፣ አንድ ቆዳ መለሰ።

ፈንታሁን በሬውን ከሌላ ሰው ጋር አቀናጀ። ምን ያድርግ። በሬ የሌለውን ሰው የሚቀናጀው የለም። ግንቦት ገባ። ጎረቤቶቻችን ሁለተኛ ሲያርሱ የእኛ መሬት አልተነካም ነበር። የእናቴ ወንድሞች ለዘር የሚሆን ጤፍ ሰጥተውን ነበር። እናቴ ከራስጌዋ አስቀምጣው ታድራለች። የተራበ ቤት ውስጥ ዘር ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መሬቱ እስከ ሰኔ ካልታረሰ ዘሩ ይበላል፤ ዘሩ ከተበላ ለሚመጣው ዓመት ምንም የለንም። ይህን ማንም አልነገረኝም። እናቴ ያን ከረጢት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትነካው አይቼ ገባኝ።

አንድ ቀን ረመዳን መኪናዋን ደጃችን አቆመ።

«ጋሼ፣ ቦራን የሚተካ በሬ የለኝም» አለ። «ለማረስ ግን እኔ አለሁ።»

«በምን?»

በአገጩ መኪናዋን አሳየው።

አባቴ መኪናዋን ዞሮ አየ። እንደ ገበያ በሬ ጎኗን፣ እግሯን፣ ኋላዋን አየ።

«እሁድ ነው የማርፈው» አለ ረመዳን። «እሁድ ልምጣ።»

«እሁድ አላርስም።»

«መኪና እኮ ናት የምታርሰው ጋሼ።»

«መሬቱ የማን ነው?»

ረመዳን መሬቱን አየ። መኪናዋን አየ። በጥፍሩ ከመሪው ላይ የደረቀ ጭቃ ፈቀፈቀ።

«ሰኞ ይሁን» አለ።

«ሰኞ ይመችሃል?»

«አብሽር ጋሼ። ይመቸኛል።»

እኔ አንድ ቀን ያተረፈ መሰለኝ። ዕዳ ያለበት ሰው ቀን ሲገፋ አይቻለሁ፤ አነጋገሩ ያን ይመስል ነበር። ሰኞም አይመጣም ብዬ ተኛሁ።

መጣ።

መንደሩ ሁሉ የእርሻችን ዳር ተቀምጦ ጠበቀ። የራበው ሰው እንኳ የሚያየው ነገር አይጠላም። አባቴ ሞፈሩን ከመኪናዋ ኋላ አሠረ። ገመድ አልተጠቀመም፤ ከቦራ ቆዳ ያወጣውን ጠፍር አመጣ፣ ደርቦ ገመደው። ያንን ሳይ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። መኪናዋና ቦራ ተቀናጅተዋል። ለዚህ ነው ቆዳውን የመለሰው አልኩ።

«አራጌ» አለ ፈንታሁን ከዳር ሆኖ። «ሾፌሩ ሲጠራት ሰምቻለሁ። ሴት ናት። ላም ጠምደህ ልታርስ ነው?»

«የአንተ በሬ ደግሞ ምን ያህል ወንድ እንደሆነ ወንዙ ላይ አይተነዋል» አለ አባቴ።

የመጀመሪያው ፈር ላይ ሞፈሩ ተሰበረ። ሰው ሳቀ። የፈንታሁን ልጅ ሮጦ የእነሱን ሞፈር አመጣ። ፈንታሁን ራሱ ነው የላከው። ረመዳን ከመኪናዋ ወርዶ መሬቱን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገው፤ ተመልሶ ቀዩን እጀታ ሳበ። መኪናዋ ሽማግሌ ከሚራመደው ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። አባቴ እርፉን ጨብጦ ከኋላ ተከተለ። አፈሩ ተገለበጠ። ጥቁር ነበር።

አባቴ ልማዱ አልተወውም፤ ጅራፉን በአየር ላይ አጮኸ።

«ጋሼ» አለ ረመዳን አንገቱን አውጥቶ። «ጅራፉ ለእኔ ነው ለሷ?»

«ለሰነፉ ነው።»

እያረሱ ከዳር ዳር ተመላለሱ። መታጠፊያው ላይ መኪናዋ ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፤ ያልደረሰችበትን ጥጋጥግ እናቴና ዝናሽ በመቆፈሪያ ቆፈሩ። ቀትር ላይ ማንም አይስቅም ነበር። የነዳጅ ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሞላው። ዛሬም ሁለቱ አንድ ላይ ሲሸቱኝ እቆማለሁ። መሬቱ እያለቀ ሲሄድ አባቴ ደክሞት ነበር፤ የሚናገረውን አያውቅም ነበር።

«ና ቦራ፣ ና» አለ።

ሁላችንም ሰማን። ረመዳንም ሰምቷል መሰለኝ፤ መኪናዋን ትንሽ ይበልጥ ቀስ አደረጋት።

ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ረመዳን ውኃ ጠጣ፣ ከእናቴ እጅ ጥቂት ቆሎ ተቀበለ። የበላው ሁለት ሦስት ፍሬ ነው፤ የቀረውን ለእኔ አቀበለኝ። መኪናዋን አስነሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። እህሉን የሚያመጣው ሌላ ሾፌር ሆነ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ከማንም ጋር የማይነጋገር ሰው።

እኔ ሒሳቤን ጨረስኩ። በሬ የሚያክል ነገር ወስዶ አንድ ቀን አርሶ ጠፋ። አባቴ በጠየቁት ቁጥር «ሰው ሥራ አለው» ይላል። ልቤ ግን ይበግናል።

በኅዳር ያንን መሬት አጨድን። በዚያ ዓመት ከቤታችን ሰው አልሞተም።

እውነቱን የሰማነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አባቴ ጨው ሊገዛ መካነ ሰላም ገበያ ወረደ፣ እኔም ተከትዬው ነበር። ረመዳንን ጨው ተሸክሞ አገኘነው። በጀርባው ነው፤ እንደ ወዛደር። ከስቷል። ሲያየን ጆንያውን አወረደና ሳቀ።

«መኪናዋስ?» አለው አባቴ።

«ተጣላን ጋሼ» አለ። ትከሻውን አራግፎ ጆንያውን ተሸከመና ሄደ።

የጨው ነጋዴው የኋላሸት ይባላል። ወሬ አይዝም። አባቴ ሳይጠይቀው ነገረው። ረመዳን አንድ ሰኞ የመንግሥት መኪና ይዞ ከሥራ ጠፍቶ ዋለ። የት እንደዋለ ጠየቁት። አልተናገረም። ነዳጁን ለማን እንዳቃጠለው ጠየቁት። አልተናገረም። ስም ቢጠራ ያ ገበሬ አብሮ ይጠየቃል። ቁልፉን ተቀበሉት። እሁድ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር፤ እሁድ መኪናዋን የሚያጥባት፣ የሚጠግናት፣ የሚሞክራት እሱ ራሱ ነው።

አባቴ ጨው ሳይገዛ ተመለሰ። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«እሁድ አላርስም ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረመዳን እኛ ላይ በሬ እንዳለው በቤታችን የታወቀ ሆነ። ነገር ግን በሬ መስጠት የሚችለው ሁለት ያለው ሰው ነው። ሁለተኛውን ባሳደግን ቁጥር አንድ ነገር ይመጣል። ሰባ ሰባት መጣ። ከዚያ የመሬት ድልድል፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ የዝናሽ መዳር፣ ከዚያ የእናቴ ሕመም። አባቴ ሊሞት ሲል ጠርቶኝ «ረመዳን እኔ ላይ በሬ አለው» አለኝ። «በብር እንዳትለውጠው።»

እኔም ዕድሜዬን ሁሉ ያረስኩት በመቀናጆ ነው።

ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ እርሻ ተውኩ። መሬቱን ልጄ በአማቹ በሬዎች ያርሰዋል። በሬዬ ቆሞ ቀረ። ቀይ ነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ገራም። ዓረፋ ሊደርስ ሲል፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት ገመዱን ይዤ ወጣሁ። ቀኑን መርጬው ነው።

የረመዳን ቤት ከገበያው በላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አውቀዋለሁ፤ በበሩ አልፌ አውቃለሁ፤ ባዶ እጄን ስለነበርኩ አልገባሁም። የልጅ ልጁ ሀናን ከፈተችልኝ። ግቢው ውስጥ መኪናዋ ቆማለች። ጎማ የላትም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የቆየችበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ረመዳን እንደገዛት ሰምቼ ነበር። ያኔ ለአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና መንዳት ጀምሮ ነበር። ዶሮ ወንበሯ ላይ ተኝታለች። አረንጓዴው ደብዝዟል፤ ጎኗ ግን ዝገት የለበትም።

ረመዳን አጎዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ደክሟል።

«ማን ልበል?» አለ።

«የአራጌ ልጅ ነኝ። ይሄነው እባላለሁ።»

«የቱ አራጌ?»

«እሁድ የማያርሰው።»

ጥርስ የለውም፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ከጎኑ አስቀመጠኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሞቱት ተጠያየቅን። መኪናዋን ሳይ አየኝ።

«ሥጋዋ ደህና ነው» አለ። «አጥንቷ ነው ያለቀ። ከላይ አሉሚኒየም፣ ከሥር ብረት። ስድሳ ክረምት ውኃ ጠጣ። የእኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አጥንቱ አለ፣ ሥጋው ሄዷል።» ከዚያ በሬውን አየ። «ይሄስ?»

«የእርስዎ ነው።»

«እኔ በሬ አልገዛሁም።»

«አባቴ ያለበት ዕዳ ነው።»

«አባትህ?» ተነሥቶ ሊቆም ሞከረና ተወው። «ልጄ፣ የተበላው የአባትህ በሬ ነው። ወንዝ ውስጥ የተሰበረው እኔን ሲያወጣ ነው። ላርስ የመጣሁት ለዚያ ነው። አረስኩ፣ አለቀ። አባትህ ላይ ምንም የለኝም።»

«ያረሱልን ቀን ሰኞ ነበር» አልኩ።

ዶሮዋ ከወንበሩ ወርዳ ግቢውን ተሻገረች።

«ማን ነገራችሁ?»

«የኋላሸት።»

«ያ አፉ» አለ። «አላህ ይማረውና ሞቷል።» ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። «አባትህ አውቆ ነው የሞተው?»

«አውቆ።»

«እንዳያውቅ ነበር እኮ የፈለግሁት።»

እጁን ዘረጋልኝ፤ ደግፌ አነሣሁት። በሬው ዘንድ ሄድን። ግንባሩን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ቀንዱን ያዘ፣ የፊት እግሮቹን ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ጨበጣቸው። ከዚያ ገመዱን ከእጄ ወሰደና ከመኪናዋ የፊት ብረት ጋር አሠረው። ከሃምሳ ዓመት በፊት የአባቴ ገመድ የታሠረበት እዚያው ላይ ነው።

«ለዓረፋ ያርዱታል?» አልኩት።

«ይሄ አይታረድም። ልጄ ሙሐመድአሚን ወደ ወግዲ መንገድ ያርሳል። አንድ በሬ ነው ያለው፣ መቀናጆ አጥቶ መሬቱ ቆሟል።» ወደ እኔ ዞረ። «ዓረፋ ግን አንተ ትመጣለህ። ለአንተ በግ አሥሬ አቆይልሃለሁ። ቢላዋህን ይዘህ ና፣ ራስህ ባርከህ ታርዳለህ።»

«ዓርብ ነው የሚውለው።»

«ሃምሳው መች ወጣ? ዓርብም አይጾምም» አለ። «የክርስቲያኑን ቀን የምነግርህ እኔ ልሁን?»

በሩ ድረስ ሸኘኝ። ስወጣ ጠራኝ።

«ይሄነው።»

«አቤት።»

«ደርሶኛል።»

አባቴ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን መመለሻዬ ላይ ነው። ገባሁ። ሣሩ ረዝሞ ነበር፤ ትንሽ ነቀልኩለት።

«ደርሶታል» አልኩት።